«አለን» ያልሁበት ቁጥር፦ ከልደታ ዱባይ ደርሶ መልስ

ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። በዚህ ሰዓት ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለ የሻንጣዬን እጀታ እንደያዘች፣ እኔም ኮቴን እንደለበስሁ፣ ልደታ ከቤታችን ደጃፍ ላይ ቆመን ታክሲ እንጠብቅ ነበር። ቀኑን የመረጥሁት እኔ አይደለሁም፤ ትኬቱ ነው። ኅዳር ሲታጠን ነበርና በየደጁ የተጠረገው ጥራጊ ይነድዳል፤ ጭሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ተነሥቶ ለባቡሩ የተቆፈረውን መንገድ ሞልቶታል። ከወዲያ ማዶ የሚያልፉት ሰዎች ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታዩ ነበር። እግር የሌላቸው የሚመስሉ ጎረቤቶቼ በጭሱ ላይ ተንሳፍፈው እያለፉ «በሰላም ይመልስዎ» አሉኝ። ይህ ጭስ በድሮው ወረርሽኝ ያለቁት ሰዎች መታሰቢያ እንደሆነ አባቴ ይነግረኝ ነበር። ነገሩን ያነሣሁት አንባቢን ለማስፈራራት ብዬ ሳይሆን ያ ጠዋት ከሐሳቤ ስላልጠፋ ነው።

የጉዞው ምክንያት ግራ ዓይኔ ነው። የሟች እኅቴ ልጅ ብሩክ ዱባይ በሚገኝ የጭነት አስተላላፊ መሥሪያ ቤት የሚሠራ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ «ጋሼ፣ እዚህ ያሉት ሐኪሞች አንድ ጊዜ ይዩዎት» ብሎ ትኬቱን ላከልኝ። እኔን ግን በጉዞው ዋዜማ ከዓይኔ ይልቅ ያሳሰበኝ የስልክ ካርድ ነበር። አስካለ የደም ግፊት አለባት፤ ከተጋባን ወዲህ ብቻዋን አድራ አታውቅም። የእኔ ካርድ ደግሞ ከአገር ስወጣ እንደማይሠራ ተነግሮኛል። ስለዚህ ምን ዓይነት ካርድ መያዝ እንደሚሻል ማጥናት ጀመርሁ።

በፍርድ ቤቱ አጠገብ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣውና ስልክ የሚሸጠው ሽኩር በዓለም ሁሉ ይሠራል የተባለ ካርድ አወጣልኝ።

«ቁጥሩ የየት አገር ነው?» አልሁት።

«የአውሮፓ መሰለኝ ጋሼ። ዋናው መሥራቱ አይደል?»

«መሰለኝ የሚል ቃል ባለበት ነገር አልስማማም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ካርድ ነው እኮ የሚገዙት፤ ሚስት አይደለም የሚያገቡት» ብሎ ሳቀብኝ።

ሕግ ተምሬ የሥራ ዘመኔን በሙሉ ረቂቅ ሕጎችን ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ቃላት ከሚገባቸው በላይ ወይም በታች እንዳይናገሩ መጠበቅ ነበር። የዓለም ካርድ የተባለው የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቁጥር ስላለው ተውሁት። በደረስሁበት አገር፣ በፓስፖርቴ፣ በስሜ የተመዘገበ ባለ ቅድመ ክፍያ ካርድ ለመግዛት ቈረጥሁ። ዛሬም መንገደኛን የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ነገር ግን በስም የተመዘገበ ቁጥር ሁሉ የባለ ስሙ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ከዚህ በታች ያነብባል።

ዱባይ ስደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ብሩክ ተቀብሎኝ ዴራ ወደሚባለው የድሮ ሰፈር ወሰደኝ። አውቶቡሶቹ ያለ ረዳት ይሄዳሉ፤ መድረሻቸውን በጩኸት የሚናገር ስለሌለ ተሳፋሪው ፍርድ እንደሚጠብቅ ተከራካሪ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በሰፈራችን በአብነት ላይ እንዲህ ዝም ያለ ታክሲ ብናይ ሬሳ የጫነ ነው እንላለን። ብሩክ የሚኖርበት ቤት በመጋረጃ የተከፋፈለ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ የሚኖረው ዑስማን የተባለ ሱዳናዊ አልጋውን ለእኔ ለቅቆ ወለል ላይ ሊተኛ ተሰናዳ። እኔ እምቢ ብለው ጆሮውን ይዞ ያልሰማ መሰለ። ዕለቱ ረቡዕ መሆኑን፣ እኔም ክርስቲያን መሆኔን ከብሩክ ሰምቶ ፉል በዘይት ሠርቶልኛል። «ሐጅ» እያለ ይጠራኝ ነበር፤ አላረምሁትም።

ካርድ የሚሸጠው ሕንዳዊ ፓስፖርቴን ከገለበጠ በኋላ ካርዶቹን እንደ ሎተሪ በመስተዋቱ ላይ ዘረጋቸው። ገዢ ቁጥሩን መርጦ ያነሣል። ለማስታወስ የሚቀልሉት ውድ ናቸው። በደህናው ዓይኔ አንድ በአንድ ስመለከት የመጨረሻ አኃዞቹ ልክ የልደታ ቤታችን ቁጥር የሆኑ አንድ ርካሽ ካርድ አገኘሁ። አስካለ ቁጥር አትይዝም፤ የቤቷን ቁጥር ግን አትረሳም። ደስ ብሎኝ አነሣሁት። በብሩክ ስልክ ደውዬ ነገርኋት።

«እንግዲህ እዚያም ቤት ሠራህ በለኛ» አለች።

ሒሳብ እንዳይበዛባት፣ አንድ ጊዜ ጠርታ ልትዘጋ፣ እኔም መልሼ ልደውልላት ተስማማን። አገራችን ሚስኮል የሚለው ይህን ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ስልኬ አንድ ጊዜ ጠርቶ ዝም አለ። ቁጥሩን አላወቅሁትም፤ የሚጀምርባቸው አኃዞች ግን የሰፈራችን የቤት ስልኮች የሚጀምሩባቸው ናቸው። የእኛው ስልክ ተበላሽቶ አስካለ ከጎረቤት የጠራችኝ መሰለኝና መልሼ ደወልሁ። ያነሣችው ሌላ ሴት ነበረች። መስመሩ ይቈራረጣል፤ በቃልና በቃል መካከል ነፋስ የሚመስል ድምፅ አለ።

«ሄሎ! ሰላም… አላች…?»

እኔ የሰማሁት «ሰላም! አላችሁ?» የሚል የጎረቤት ሰላምታ ነው። ስለዚህ ዕድሜዬን ሙሉ እንደምመልሰው መለስሁ።

«አለን እመቤቴ፣ አለን። ምን እንሆናለን? እናንተስ?»

ከወዲያ በኩል ልቅሶም ሳቅም ያልሆነ፣ ከአንድ ጉሮሮ የማይወጣ የብዙ ሰው ድምፅ ተሰማ፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ኖሯል። አንድ ወንድ «ምን አለ? ምን አለ?» ሲል፣ ሴቲቱ «አለን አለ! አለን ይላል!» ስትል ሰማሁ። መስመሩ ተቈረጠ።

ወዲያው አስካለ ዘንድ ደወልሁ። እሷም ስልኩን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ እንደቀደምኋት፣ እስካሁንም ማንንም እንዳልጠራች ነገረችኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13። ብሩክ ወደ ዓይን ሐኪሙ ይዞኝ ሄደ። ሐኪም ቤቱ ከመጽዳቱ የተነሣ ሕመምተኛ መሆን ያሳፍራል። በእኛ አገር በተራ መጠበቂያ ወንበር ላይ ሰው የሰውን በሽታ ይጠይቃል፣ መድኃኒት ይነግራል፣ ከዚያ ይዛመዳል፤ እዚህ ማንም ቀና ብሎ አያይህም። ነርሷ ዓይኖቼ ውስጥ ጠብታ ጨመረች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓለም ሁሉ ነጭ ሆነ፤ የሰዎች ፊት ጠፍቶ ልብሳቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ጀመር። የኅዳር ሲታጠኑ ጭስ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ።

በዚያ ንጣት ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጠርቶ ይዘጋል፤ ደግሞ ጠርቶ ይዘጋል። ከዚያ የመልእክት ድምፅ ሰማሁ። ማንበብ ስላልቻልሁ ለብሩክ ሰጠሁት።

«ከአገር ቤት ሞባይል የመጣ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው ጋሼ» አለ። «ሁለት ቃል ብቻ፦ ሰላም አለሽ።»

«አለሽ?»

«በሴት ነው። ሳይነግሩን ወዳጅ አበጁ እንዴ?»

አልሳቅሁም። ጆሮዬን አንድ ነገር ከንክኖት ነበር። «ከሰላም በኋላ ነጠላ ሠረዝ አለበት?» አልሁት።

«በስልክ መልእክት ማን ነጠላ ሠረዝ ያደርጋል?»

ያን ጊዜ ሌላ መልእክት ገባ። ብሩክ ጮክ ብሎ ጀመረና ድምፁን እየቀነሰ ጨረሰው፦ «ሰላም አለሽ እናትሽ እሑድ ሳይደርስ ድምፅሽን አሰሚኝ ትላለች።»

የሥራ ዘመኔን በሙሉ ሌሎች የተዉትን ሠረዝ ስመልስ ኖሬአለሁ። አንዲት ነጠላ ሠረዝ ከመጀመሪያው ቃል ቀጥሎ ባስቀምጥ፣ ሰላም ሰላምታ መሆኑ ቀርቶ ሰው ሆነ፤ አለሽ የሚለውም ደህንነትን መጠየቁ ቀርቶ በሕይወት መኖርን መጠየቅ ሆነ። ትናንት በነፋሱ ውስጥ የተጠየቅሁትም «ሰላም! አላችሁ?» ሳይሆን «ሰላም አለች?» ነበር። እኔም አለን ብያለሁ።

ሐኪሙ ግራ ዓይኔ እንደማይመለስ፣ ቀኙ ግን እንደማያሰጋ ነገረኝ። አመስግኜው ወጣሁ፤ ያለውን በሚገባ የሰማሁት ብሩክ በታክሲ ውስጥ ሲደግምልኝ ነው።

ቤት እንደደረስን ደወልሁ። ሴትዮዋ ገና ሳይጠራ አነሡት።

«ጌታዬ፣ የቤቱ አባወራ እርስዎ ነዎት? አማርኛም ያውቃሉ፤ አላህ ይስጥልኝ። ሥራ ላይ ናት? አላስፈታትም፤ ድምጿን ብቻ።»

«እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁ። «እኔ መንገደኛ ነኝ። ይህን ካርድ የገዛሁት ትናንት ነው። ልጅዎን አላውቃትም።»

ቃሉን ያልሰሙት ይመስል «እሺ፣ ስትመለስ እደውላለሁ» አሉ። ከዚያ ስልኩን አንድ ወንድ ተቀበላቸው።

«ጌታው፣ ስሜ ሰይድ ነው፤ ልደታ፣ አብነት ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ወይዘሮ ዘሀራ እኅቴ ናት፤ ልጇን ፍለጋ ከወሎ መጥታ እኔ ዘንድ ነው ያለችው።»

«እኔም የልደታ ሰው ነኝ» አልሁ፤ ነገሩን ያቀልል መስሎኝ።

«የልደታ ሰው የሰላምን ስልክ ዱባይ ላይ እንዴት ያዘው?»

ካርድ ሳይሞላ ሲቆይ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሳይሸጥ እንዳልቀረ በቻልሁት አስረዳሁት። አቶ ሰይድ ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝና የእሱን ወገን ነገር ነገረኝ። ሰላም በቤት ሠራተኝነት የሄደችው ከዚሁ ከአጎቷ ቤት ተነሥታ ነው። ባለፈው ጥር ማብቂያ ላይ ስልኳ ተዘጋ። የላካት ደላላ ጠፋ። ከወዲያ የመጣ አንድ ሰው ሞታለች የሚል ወሬ አመጣ። ዘመድ ተሰብስቦ ለሙት የሚደረገው ሰደቃ በሚመጣው እሑድ ይሁን ብሎ ቈረጠ። እናትየዋ ብቻ አልቀበልም አሉ። ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሊያሳምኗቸው ሲሞክሩ፣ «ለመጨረሻ ልደውል» ብለው የተዘጋውን ቁጥር መቱ።

«ዘጠኝ ወር ድዳ የነበረ ስልክ ጮኸ» አለ አቶ ሰይድ። «ደንግጣ ዘጋችው። ወዲያው ከዚያው ቁጥር ተደወለልንና እርስዎ አለን አሉ። አሁን ደግሞ እኔ የለሁበትም ይሉኛል። ጌታው፣ አለን ሲሉ፣ እርስዎና ማን ናችሁ?»

«አባባል ነው» አልሁ። «ብቻውን ያለ ሰውም አለን ይላል፤ ያውቁታል።»

«እኔ አውቀዋለሁ። እናቷ ግን የሰማችው አባባል አይደለም፤ ሰው ነው የሰማችው።»

እስከ ቅዳሜ እንድፈልግ፣ ያገኘሁትን እንድነግረውና ስለ እሑዱ እነሱ እንዲወስኑ ተስማማን። ሰላም ትሠራ የነበረው ሻርጃ በተባለው ጎረቤት ከተማ ነው፤ አሠሪዋን ቤተሰቡ የሚያውቃት የኑራ እናት በሚል ስም ብቻ ነው።

በዚያው አመሻሽ ወደ ካርድ ሻጩ ተመለስሁ። ደረሰኜን አይቶ ትከሻውን ነቀነቀ። ቁጥሩ ቀድሞ የማን እንደነበረ እሱ አያውቅም፤ የሚያውቁትም አይናገሩም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያለኝን እንዲህ ልተርጕመው፦ ሰው ይሄዳል፣ ቁጥር ይቀመጣል። በእኛ ልደታ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቤቱ ለልማት ይፈርሳል፣ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል፣ ሰውየው ግን የድሮውን ቁጥሩን እየጠራ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ይንከላወሳል።

ዓርብ፣ ኅዳር 14። የእነሱ የዕረፍት ቀን ነው። ዑስማን ከመስጊድ ሲመለስ የሰላምን ስም ጠርቶ እንደጸለየላት ነገረኝ። «ለማታውቃት?» አልሁት። «አንተስ ታውቃታለህ?» አለኝ።

ብሩክ ወይዘሮ ትዕግሥት ወደምትባል የአገር ልጅ ምግብ ቤት ወሰደኝ። ዓርብ ፈቃድ ያገኙ የቤት ሠራተኞች የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ሽሮዋን እንደ አብነት ሽሮ አድርጋ በትንሽ ብረት ድስት እየፈላ ታቀርባለች፤ ውኃው ግን ጨው ጨው ስለሚል እንጀራው ሌላ ይሆናል። ጉዳዬን ስነግራት ካውንተሯን ትታ ወጣች፤ በየጠረጴዛው ዞረች።

«ሰላም የምትባል የሻርጃ ልጅ የሚያውቅ?»

«ሰላም ስንት አለ እትዬ» አለች አንዷ። «እኔ ራሴ ሰላም ነኝ።»

«አንቺ የትም አልጠፋሽ፤ ሽሮዬን በዱቤ ስትበይ ነው የከረምሽው» ብትላት ሁሉም ሳቁ።

መሠረት የምትባል ጸጥ ያለች ሴት ግን አልሳቀችም። «ቁጥሩን ይንገሩኝ» አለችኝ። ልነግራት ስጀምር አስቆመችኝ፤ «የለም፣ ይደውሉልኝ» ብላ የራሷን ሰጠችኝ። ደወልሁ። ጠረጴዛው ላይ የተኛው ስልኳ በራ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ የምደውለው እኔ ነኝ፤ መስተዋቱ ላይ የወጣው ስም ግን «ሰላም ልደታ» ይላል።

መሠረት እጇን ከስልኩ ላይ አንሥታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ማንም ስልኩን አልነካም፤ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸ። የቤታችንን ምግብ የሚሸትተው ክፍል በሙሉ ያንን ስም ተመለከተ። ስልክ ላይ ሰውን ከሰፈሩ ጋር መዝግቦ መያዝ የሁላችንም ልማድ ነው። እኔን ራሴን ሽኩር «ጋሼ ልደታ» ብሎ ነው የመዘገበኝ። ልማዱ ግን እንደዚያን ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም፤ በሌላ ሰው ስም ተጠርቼ፣ ሰፈሬ ትክክል ነበር።

መሠረት ኋላ ተናገረች። ከሰላም ጋር በአንድ አውሮፕላን ነው የመጡት። መጨረሻ ሲገናኙ ሰላም አሠሪዎቿ ወደ ሌላ አገር ሊሄዱ እንደሆነና እሷንም እንወስድሻለን እንዳሏት ነግራታለች። ወዴት? «ባሕር ማዶ ብቻ ነው ያለችኝ። እሷም አታውቀውም ነበር።» ሕንጻውን ግን ታውቀዋለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15። የነቢያት ጾም ገባ። መሠረት ከእመቤቷ የአጭር ሰዓት ፈቃድ ለምና መጣች፤ ከእሷና ከብሩክ ጋር ሻርጃ ሄድን። ሕንጻው ረጅም ነው፤ በልደታ ቢቆም ጥላው ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ አብነት ይደርሳል። ዘበኛው ቤተሰቡን ያስታውሳል። ክረምቱ ሳያልቅ (የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው) በብዙ ሻንጣ ሄደዋል። ሠራተኛዋስ? ልጆቹን አይቷል፤ ሠራተኛዋን ያየ አይመስለውም፤ ያላየም አይመስለውም። ቤቱ ከዚያ ወዲህ አልተከራየም።

ወደ ውጭ ወጥተን ቀና ብለን አየን። ባዶ በተባለው ቤት በረንዳ ላይ አንድ ጨርቅ ተሰጥቶ ነበር። ፀሐይ በልታው ቀለሙ አይታወቅም፤ ነፋስ በሌለበት ሰዓት አንድ ጫፉ ብቻ ይነሣል፣ ይወርዳል። ብሩክ መወልወያ ነው አለ። መሠረት የራሷን ሻሽ አጥብቃ አሰረች። እኔ በአንድ ዓይን ያየሁትን ሻሽ ነበር ብዬ ልመሰክር አልችልም።

ለአቶ ሰይድ ስደውል ቃሌን እንደ አንቀጽ አዘጋጅቼ ነበር፦ መሞቷን የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም፤ መኖሯን የሚያስረዳም አላገኘሁም፤ ወደ ሌላ አገር ሳትወሰድ አልቀረችም።

«እንግዲያ ነገ ምን እናድርግ?» አለ።

«ያንን እኔ አልወስንም።»

«አለን ያሉት እርስዎ፣ የሚወስነው ሌላ» አለ፤ በቁጣ ሳይሆን በድካም። «ሰው ተጠርቷል፤ እህሉም ገብቷል። ይሁን፣ እግዜር ይስጥልን» ብሎ ዘጋው።

እሑድ፣ ኅዳር 16። ዑስማን ቴምር በሻንጣዬ ጠቀጠቀልኝ። ካርዱን ለወይዘሮ ትዕግሥት ትቼው መጣሁ። ካልሞሉት ቁጥሩ ተመልሶ ይወሰዳልና ብሩክ እየሞላ፣ እሷ አንድ አሮጌ ስልክ ውስጥ አድርጋ ከካውንተሯ ኋላ ሳታጠፋው እንድታኖረው ተስማማን። «ከጠራ ምን ልበል?» አለችኝ። «ማን ልበል ብለሽ ጠይቂ፤ ሌላ ምንም አትበዪ» አልኋት። ከእንግዲህ ለማንም አለን እንዲባልልኝ አልፈለግሁም።

አዲስ አበባ ስደርስ አስካለን ከኤርፖርት ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋትና ሻንጣዬን እንደያዝሁ በቀጥታ ወደ አብነት ሄድሁ። ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርሁም፤ ደጁ ላይ ድንኳን ነበረ፣ ከልብስ ስፌት ቤቱም መኪናዎቹ ወጥተው ድስቶች ገብተዋል። በሩ ላይ ያለውን የቀበሌ ሰሌዳ ሳይ ግን እግሬ ቆመ። የቤቱ ቁጥር የእኔው ቤት ቁጥር ነው። ነገሩ ምሥጢር የለውም፤ ድሮ ቀበሌ ሁሉ ቤቱን ከአንድ ጀምሮ ስለቈጠረ በየቀበሌው አንድ ዓይነት ቁጥር አለ። ይህን እያወቅሁ ግን ሰሌዳውን በጣቴ ነካሁት።

አቶ ሰይድ መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ተቀበለኝ። ወይዘሮ ዘሀራ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው፤ ገና «እንደምን ዋላችሁ» ከማለቴ በድምፄ አወቁኝ።

«እኚህ ናቸው» አሉ።

በተሰበሰበው ሰው ፊት ያየሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል ተናገርሁ፤ ጨርቁን ሳይቀር። ጨርሼ ካርዱን ለምን እንደመረጥሁት ስነግራቸው እናትየዋ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«እሷም ያለችው ይህንኑ ነው። እማ፣ ካርድ ሲያስመርጡኝ የአጎቴን ቤት ቁጥር አገኘሁ፤ አትረሱትም አለችኝ።»

በዚያ ሁሉ ካርድ መካከል ሁለት ሰዎች በአንድ ምክንያት አንዱን ቁጥር አንሥተናል። አንድ ሽማግሌ «እንግዲህ ዱዓው ይጀመር» ቢሉ ወይዘሮ ዘሀራ እጃቸውን አነሡ።

«ለሙት አይደለም» አሉ። «የበሰለው በስሏል፤ ሰውም መጥቷል፤ ይበላል። ግን የእንግዳ ነው። እኚህ አባት ከመንገድ በሰላም ስለገቡ ነው የሚበላው።»

ሽማግሌው አቶ ሰይድን፣ አቶ ሰይድ እኔን አየ። አቶ ሰይድም «የእንግዳ ነው» ሲል ደገመ። ዱዓውም ለመንገደኛ ተደረገ፤ የሄደ እንዲመለስ። ጾም መግባቱን አስበው ለእኔ ከክርስቲያን ጎረቤት ቤት የጾም ወጥ አስመጥተውልኝ ነበር። ለሙት ተዘጋጅቶ የነበረው ግብዣ በስሜ ሲበላ ተቀምጬ አየሁ፤ እኔም በላሁ። ስነሣ ወይዘሮ ዘሀራ እስከ በሩ ሸኙኝ፤ እዚያው ከሰሌዳው ሥር ዝቅ ባለ ድምፅ «ያንን ያሉኝን አንድ ጊዜ ይበሉልኝ» አሉ። አልቻልሁም አልሁ። «እሺ፣ ሰምቼዋለሁ» አሉኝ።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ አንድ ነገር ተጨመረ። በታኅሣሥ አንድ ቀን ቀትር ላይ ያ ስልክ ጠርቷል። የደዋዩ ቁጥር አልወጣም። ወይዘሮ ትዕግሥት እንደነገርኋት «ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለች። የሴት ድምፅ «ሰላም» አለና ተዘጋ። ድምፁ የሚጠይቅ ነበር ወይስ የሚመልስ ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት» አለችኝ።

ለወይዘሮ ዘሀራም ሄጄ የነገርኋቸው ያችኑ አንዲት ቃል ነው፤ ከፊቷም ከኋላዋም ምንም አልጨመርሁም። ስም ትሁን ሰላምታ እስካሁን አልታወቀም። ስልኩ በርቶ እዚያው ተቀምጧል፤ ከዚያ ወዲህ አልጠራም።